ዲሹ ላይ የተጣለው መረብ

ኤፕሪል 29፣ 1984

ሱቁን ጠርጌ ከፈትኩ። ሩዝ ሸጥኩ፣ ሳሙና ሸጥኩ... ከሰዓት መርከቡ ገባ። ቴሌቪዥናችንም መጣ! ከነዲሹ! ከእንግዲህ በሳተላይት ቀጥታ ቤታችን ድረስ... እስከዛሬ የሱሞ ትግል የምናየው ሰው ቤት፣ በመርከብ በሚመጣ የቪዲዮ ካሴት ነበር። እኛ ስናጨበጭብ አሸናፊው ማሸነፉን ረስቶታል።

ባሌ ጊሳኩ ሳጥኑን ተሸክሞ አስገባና "ከሳጥን የሚወጣ ልጅ የለኝም" አለ። "ልጅ የለኝም" እንዳለ አምስት ዓመት! ልጃችን ሞሪዮ በአሥራ አምስት ዓመቱ የአባቱን ጀልባ ትቶ ለሱሞ ቶኪዮ ሲሄድ "የዚህ ደሴት ሰው ነኝ እንዳትል" አለው። ሊሸኘው ወደብ እንኳ አልወረደም። እዚህ ደሴት ላይ መርከብ ሲሄድ ቤቱ የሚቀር ሰው አለ?

ሜይ 12

ታየ! ታየ! ጥርት ብሎ! የዛሬውን የአየር ሁኔታ ዛሬውኑ ነገሩን!

ዜና አንባቢው እጅ ሲነሳ ጎረቤቴ ኪኩም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። "አያይሽም እኮ" ብላት፣ "እኔ አይቼዋለሁ አይደል? ባለጌ ልሁን?" ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ነገ ሞሪዮ ለትግል ይወጣል። ደረጃው ከፍ ስላለ ገና አሁን ነው በቴሌቪዥን የሚታየው። አሥራ አምስት ቀን፣ በቀን አንድ ትግል። ዲሹን የገጠመው ሃታኖ "ትንሽ ከዞረ ምስል የለም" ብሏል። ማንም እንዳይነካው!

ሜይ 13

ልጄን አየሁት። እንዴት ወፍሯል! ተሸነፈ... ይሁን፣ አየሁት።

ትግሉ ሊጀመር ሲል ጠሪው ስሙንና አገሩን ጠራ። "ከኦጋሳዋራ፣ ከቺቺጂማ ደሴት!" ልጄ ደሴቱን አልካደም። ጊሳኩ ግን ሰዓቱ ሲደርስ ተነስቶ ወደ ጀልባው ሄዷል። አልነግረውም። ከፈለገ መጥቶ ይስማ!

ሜይ 16

አራት ቀን፣ አራት ሽንፈት። ማታ ጊሳኩ ወደ ግድግዳው ዞሮ "ዛሬስ?" አለ።

"ገብተህ እይ።"

ሜይ 17

የዛሬውስ ጉድ ነው!

ከጠዋት ጀምሮ ኃይለኛ ነፋስ። ከሰዓት ቤቱ በሰው ሞላ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ነጭ ነጠብጣብ ብቻ። ሮጬ ወጣሁ። ጣሪያው ላይ ያለው ዲሽ በመረብ ተጀቡኗል! ወፍራም መረብ፣ ደራርቦ፣ የባሕር ውሃ የሚንጠባጠብ። እንደ ጀልባ ጭነት ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ጊሳኩ ነው።

"ምን ነካህ አንተ ሰው!"

"ነፋሱ እንዳይወስደው ነዋ! ልጁ ዛሬ አይታገልም እንዴ?"

"ልጁ" አለ? "ልጅ የለኝም" ባዩ ጊሳኩ?

"በዚህ እርጥብ መረብ ውስጥ ምስሉ አያልፍም!" ብሎ ሃታኖ ጮኸ። የገመዱ ቋጠሮ እምቢ አለ። ጊሳኩ ጣሪያው ላይ ወጥቶ መረቡን በቢላ ቀደደው። ክረምቱን ሙሉ የሠራውን መረብ! ከዚያ ዲሹን ከኋላው አቅፎ ቆመ። ምስሉ ተመለሰ።

"ውረድና እይ!"

"ከለቀቅኩት ይዞራል። አንቺ ንገሪኝ!"

መስኮቱ ላይ ቆምኩ። ዓይኔ ወደ ውስጥ፣ አፌ ወደ ውጭ።

"ወጣ! መድረኩን ሊያነጻ ጨው በተነ!"

"እሺ!"

"ስሙን እየጠሩ ነው! ከኦጋሳዋራ፣ ከቺቺጂማ ደሴት አሉ!"

ራሴን በመስኮቱ አውጥቼ ወደ ጣሪያው ጮህኩ።

"ሰማህ ወይ?"

"ድገሚው።"

ደገምኩለት።

"ተያያዙ! ኧረ ሰውዬው ገፋው... አንተ የሞሪዮ አባት፣ ልጃችንን ገፋው! የመድረኩ ጫፍ ላይ ነው! ቆይ... ሞሪዮ ዞረበት! ጣለው! ጣለው!"

ቤቱ በጩኸት ተናወጠ። ኪኩ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ።

ጊሳኩ ሲወርድ እጁ ተልጧል። "አየኸው?" አልኩት፣ ረስቼ።

"ዲሽ አቅፌ ምን አያለሁ!" ብሎ ሳቀ። የሞሪዮ ስም በተነሳበት ሲስቅ በአምስት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ሜይ 18

ነፋሱ ቆመ፣ ባሕሩ ጸጥ አለ። ጊሳኩ ግን ለሥራ አልወጣም። ምሳ ሳይደርስ ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠ። ሰዎቹን "እዚህ አትቁሙ፣ ትጋርዱኛላችሁ" እያለ አስቸገረ።

ሞሪዮ ወጣ። ጠሪው "ከቺቺጂማ ደሴት" ሲል ጊሳኩ ሁለት እጁን ወለሉ ላይ አድርጎ ለልጁ እጅ ነሳ። ግንባሩ ወለሉን እስኪነካ።

"አያይህም እኮ" አለችው ኪኩ፣ ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ" አለ።

ሞሪዮ ተሸነፈ። ጊሳኩ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ።

"ልጄ ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?"