የጣሳሽ ምራቂ

ሀርሜ ኮ፣ እናቴ፣ አላህ ቀብርሽን ሰፊና ብርሃን ያድርግልሽ።

ከተለየሽን ወዲህ አንድ ኢድ አለፈ፤ ሁለተኛው እየደረሰ ነው። አባዬ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሮታል፤ አንቺ ትተኚበት በነበረው በኩል ግን ዛሬም አይተኛም። እኔም ተመረቅኩልሽ። ሥራ እስካገኝ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝምና የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቼ ጓዳሽን መጋገሪያ አደረግሁት። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ከሰንበቴ ከተማ፣ ከአንዲት ሙሽራ መጣ። የምታገባው ልጅ በእህቷ ኒካህ ላይ ያንቺን ብስኩት በልታ ነበር። ያንኑ አምጪልኝ፣ ሌላ አልፈልግም አለችኝ። ሐሙስ አስረክባለሁ።

ሀርሜ፣ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ሁልጊዜ አንቺ ትሰፍሪ፣ እኔ አቦካ ነበር። ዱቄት የምትሰፍሪበት ጣሳ ስላለ ምን ቸገረኝ ብዬ ነበር። ያን የዱቄት ወተት ጣሳሽን ከመደርደሪያው ሳወርደው ግን ቂጡን ዝገት በልቶት ዱቄቱ በቀዳዳው ይፈስ ጀመር። ይሄ ጣሳ ካለቀ ልክሽን ከማን እጠይቃለሁ? ጨርሶ ሳያልቅ ልኩን በግራም ልያዘው ብዬ ሚዛን ተዋስኩ። ቀዳዳውን በሊጥ ደፈንኩ፣ ዱቄት ሞላሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ እንደለመድኩት አፉን በቢላ ጀርባ ጠርጌ መዘንኩ። ኮራሁም።

ብስኩቱ ምድጃው ውስጥ ቀልጦ እንደ ቂጣ ተዘረጋ። ደግሜ መዘንኩ፣ ደግሜ ጋገርኩ፤ ያው ነው። አባዬ አንዱን ቀመሰና አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው አለኝ። የቀረውን ግን ከሻይ ስኒው ማስቀመጫ ሥር ሲደብቀው አየሁት። ያኔ የትዕዛዙ ነገር ከልቤ ወጣ። የፈራሁት ሌላ ነው። ገና ካሁኑ ከእጄ ከወጣሽ፣ ዓመታት ሲያልፉ ምንሽ ይቀረኛል?

አክስቴ ዘሃራ የባቲን የሰኞ ገበያ ውላ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ቢላውን ስታይ ሳቋ ቤቱን ሞላው። ምነው አንቺ ልጅ፣ እንደ ቆንቋና ነጋዴ ጣሳ ትጠርጊያለሽ? እናትሽ እህል ስትሸጥ ያደገች አይደለችም ወይ! ጣሳ እስኪፈስ ካልተቆለለ፣ በላዩም ምራቂ ካልተጣለበት በረካ የለውም ትል የለ? እያለች ቆለለችውና አንድ እፍኝ ጨመረችበት።

ወዲያው ታየኝ፣ ሀርሜ። ለገዢ እንደምትሰፍሪው ነበር ለእኛም የምትሰፍሪው። እኔ አጠገብሽ ቆሜ እጄ ሊጥ ውስጥ፣ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር።

ቁልሉን መዘንኩት። እፍኙ ግን አስቸገረኝ። አክስቴ በዘገነች ቁጥር ሚዛኑ ሌላ ይላል፤ ያንቺን ደግሞ የሚነግረኝ የለም። በመጨረሻ ቢስሚላህ ብዬ የራሴን እፍኝ ጣልኩ፤ እሱኑ መዝኜ ያዝኩ። ብስኩቱ ሳይዘረጋ ቀጥ ብሎ ቆመ። አባዬ አንዱን ጨረሰና ሳይጠይቀኝ ሁለተኛውን አነሳ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሐሙስን አሁንም እፈራለሁ። ሙሽራዋ ነክሳ ይሄማ ያ አይደለም ብትልስ? ግን ግድግዳው ላይ በለጠፍኩት የልክ ወረቀት፣ ከዱቄቱ ግራም ቀጥሎ፣ የእፍኙን ግራም ለብቻው ጽፌ ስሙን «የሀርሜ ምራቂ» ብዬዋለሁ። ነገ ሠራተኛ ብቀጥር ሀርሜ ማናት ብላ መጠየቋ አይቀርም። እኔም እየሰፈርኩ እነግራታለሁ።