አባባ የገሩት ግስ

ጎንደር፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ማድሪድ ላለኸው ወንድሜ ለአያ ክንዱ፤ እንደ አደይ አበባ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

አባባስ ጉድ አሰኙን! አማርኛ ከማያውቀው ልጅህ ጋር ካላወራሁ ብለው፣ ከእስፓኝ ከመጣችው ነርስ «መጣ» የሚለውን የአገሯን ግስ ይማራሉ። የቅኔ መምህር አይደሉ፣ «እመጣለሁ፣ ትመጣለህ» ለማለት በዜማ «ቤንጎ፣ ቤኔስ» እያሉ ሲያረቡት «ቢዬኔስ!» ብላ አረመቻቸው። «ይህ ግስ ሥርዓት የለውም፤ ግን እገራዋለሁ!» አሉና በሰባ ዓመታቸው ገሩት። አሁን የጎን አልጋ ሕመምተኞች ሳይቀሩ አብረዋቸው ያዜማሉ። መቋሚያቸውንም ለተማሪያቸው ሰጥተው፣ ሥራቸው ይኸው ሆኗል።

«ልጁን ይዞ ለፋሲካ ይምጣ ብለሽ ጻፊ» ብለውኛል። እኔ ግን ለገና ብትመጡ እላለሁ፤ ገናም እኮ ሸጋ በዓል ነው።

ባንድ ማዕድ እስኪሰበስበን ቅዱስ ሩፋኤል ይጠብቃችሁ።

እኅትህ ወለተሩፋኤል