የሷሊሕ ተራ

ኅዳር 6 ቀን 1930

ውሃው ዛሬ ስድስት ማሳ አዳረሰ። የእያንዳንዱን ሰው ተራ በጥላዬ ስለካ ዋልኩ። ተክሌ አንድ ጫማ ጥላ ጨምርልኝ ብሎ ለመነኝ፤ አይሆንም አልኩት። ሁለት እርምጃ እንደሄደ ልጁ ከሰንበት ጀምሮ ትኩሳት እንደያዘው ትዝ አለኝ። ጠርቼ ከራሴ ተራ ሰጠሁት። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያልቀው። የውሃ አባት አድርገው ሲመርጡኝ አንተ ለማንም አታዳላም ብለው ነበር። ለማንም አላዳላም፤ በራሴ ላይ ግን…

ፋናዬ ምሳ ይዛልኝ ግድቡ ድረስ መጣች። በቆሏችን ቅጠሉን መጠቅለል ጀምሯል አለች። አይቼዋለሁ አልኳት። "አይተህ ነው?" ብላ ሄደች። ሚስቴ ብዙ አትናገርም፤ የተናገረችው ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ይቀራል።

ከመመለሴ በፊት ግድቡን ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ። አንዴ ይበቃ ነበር።

ኅዳር 10

ሷሊሕ የለም።

ሚስቱ ሩቂያ ምንም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። መሄጃው ግን የታወቀ ነው፤ ከአፋፉ ማዶ ካሉት አርበኞች ዘንድ። በሃያ ዓመት ውስጥ ከቦይ ጠረጋ አንድ ቀን ቀርቶ የማያውቅ ሰው… ማሳው ከእኔ በላይ ነው። የእሱን በርበሬና የእኔን በቆሎ የምትለየው አንዲት ቦይ ናት።

ትናንት ዶማውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ በአጠገቤ ሲያልፍ "ተራዬን አደራ" አለኝ። የት ልትሄድ ነው ስለው ሳቀና አለፈ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ሰው ለአንድ ቀን መንገድ አደራ አይልም። ለምን ለእኔ? ለምን ሌላ ምንም ሳይል?

ኅዳር 14

የሷሊሕ ተራ። ብቻዬን አጠጣሁለት። እሱ ከሚያጠጣው አብልጬ ሳላጠጣለት አልቀረሁም… በርበሬው አበባ ሊይዝ ነው።

ኅዳር 19

ካምፑ ሽማግሌዎችን ጠራ። እኔም በውሃ አባትነቴ ሄድኩ። የጣሊያኑ ካፒቴን በአስተርጓሚው በኩል ተናገረ። ከቤቱ የጠፋ ወንድ ሁሉ ዱር እንደገባ ይቆጠራል፤ ቤቱ ይቃጠላል፤ እጁን እስኪሰጥ ሚስቱ ካምፕ ትገባለች፤ ሲያዝ ደግሞ ይሰቀላል። ከዚያ የሰው ስም እየጠሩ ጠየቁ። ሷሊሕ ሲሉ ከእኛ ቀድማ ሩቂያ መለሰች።

ሩቂያ በሩ አጠገብ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር። ባሌ ጀውሃ ለገበያ ሄዶ በወባ ሞተ፣ እዚያው ቀበሩት አለች። ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። አስተርጓሚው ወደ እኛ ዞሮ እውነት ነው ወይ ሲል ሁሉም አዎ አለ። እኔም አዎ አልኩ።

ዋሽቼ አላውቅም ብል ያ ራሱ ውሸት ይሆናል። እንዲህ ያለውን ግን ዋሽቼ አላውቅም። ይህን ደብተር ዛሬ ከጎታው ሥር ወሽቄዋለሁ። ይህን ሁሉ መጻፌስ ጤና ነው?

ኅዳር 20

ለቅሶ ተቀመጥን። ካምፑ የሚያይ ሰው ሳይልክ አይቀርም ተብሎ አገሩ ሁሉ መጣ። ሼህ ከቢር በሕይወት ላለ ሰው አልሰግድበትም ብለው፣ አሞኛል አሉና ቤታቸው ተኙ።

እኔ አለቀስኩ። ከሁሉም በላይ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሩቂያ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ለማን ነው ያለቀስኩት? ሰውየው እኮ ምናልባት ይህን ጊዜ ከአፋፉ ማዶ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል።

ኅዳር 22

ምን ሠራሁ?

የሷሊሕ ተራ ነበር። ጥላዬን ለካሁ፤ የቦዩን አፍ ከፈትኩ፤ ውሃው ገባ። ምንም አላሰብኩም። እጄ ለምዶታል። የሞተ ሰው ተራ አርባ ቀን ይዘለላል። የቦዩ አፍ በጭቃና በእሾህ ይዘጋል። ከአርባው በኋላ ወራሹ ይቆምና ስሙ ይጠራል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? አባቴ ሲሞት የራሳችንን አፍ በእጄ ዘግቻለሁ። ሷሊሕን ግን… አደራ ስላለኝ፣ በልቤም በሕይወት ስላለ…

አስተርጓሚው በበቅሎ መጣ። ያደገው ገጠር ነው፤ ቦይ ያውቃል። ውሃው በበርበሬው መሐል ሲወርድ እያየ የማን ማሳ ነው አለኝ። የሷሊሕ አልኩት። ሌላ ስም መጥራት እንኳ አልመጣልኝም።

"በእኛ አገር የሞተ ሰው ተራ ይዘለላል። እዚህ አይዘለልም?"

"ይዘለላል" አልኩ።

የበቅሎውን አንገት እየዳበሰ አየኝ። ልጆቹ አሳዝነውኝ ነው አልኩ፤ ግን ዘግይቼ ነው ያልኩት። የሚቀጥለው ተራው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ኅዳር 30 አልኩት። እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ለካፒቴኑ ተናግሮ ይሆን? ካልተናገረ ምን አስቦ ነው ቀን የሚሰጠኝ? ሊያተርፈን ነው ሊያጠምደን? ሰውየውን በእኔ እጅ አሰቅዬው ቢሆንስ…

ኅዳር 23

ሩቂያ ማሳው ድረስ መጣች። የትናንቱን ሰምታለች።

"ጋሼ ዘውዴ፣ ዝጉት።"

በርበሬው አበባ ላይ ነው፣ አርባ ቀን ከተጠማ አለቀ፣ አራት ልጅ ምን ሊበላ ነው አልኳት። ደግሞም አደራ ብሎኛል አልኩ።

"አደራ ያለዎት በርበሬውን ነው ወይስ እሱን?"

"ተራዬን ነው ያለኝ" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም የሞኝ ንግግር መሰለኝ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ሲሄድ ለእሷ አንድ ቃል እንኳ እንዳልተናገረ፣ ለእኔ መናገሩን ገና አሁን መስማቷ እንደሆነ ነገረችኝ። ከዚያ ዳገቷ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። በለቅሶው ቀን አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣችም ነበር።

ኅዳር 26

ቦዩን ዘግቼ ውሃውን በእንስራ እየተሸከምኩ በጓሮ በኩል ባጠጣስ? ፋናዬን አማከርኳት። ስንት እንስራ ይፈጃል አለችኝ። ሳስበው ቆይቼ ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣

"አንተ ሰው፣ የምትፈራው ሷሊሕ እንዳይሞት ነው፣ ወይስ ዘውዴ አደራ በላ እንዳይባል?" አለች።

ተናደድኩ። ወጥቼ ያልተበላሸ ግድብ ስጠግን ዋልኩ። ሷሊሕ እንዳይሞት ነው… ታዲያ ቦዩን ልዝጋ ሳስብ ወገቤን የሚቆርጠኝ ለምንድነው? ሰው የፈራውን ነገር እንዴት አያውቅም?

ኅዳር 30

ዘጋሁት።

አስተርጓሚው ከሦስት ባንዳዎች ጋር ከቦዩ ዳር ቆሞ ነበር። ጥላዬ ሲደርስ እጄ እንደ ልማዱ ሊከፍት ሄደ። እዚያው ላይ ጭቃ ጨመርኩበት፤ እሾህ ደፋሁበት። ውሃው የሷሊሕን ማሳ ታክኮ ወረደ። ወዴት? ወደ እኔ ማሳ። የተዘለለ ውሃ ወደሚቀጥለው ሰው ነው የሚገባው፤ የሚቀጥለው ደግሞ እኔ ነኝ። ይህን እንዴት አላሰብኩትም? ወደ ወንዙ ልመልሰው ብል ለምን ሊሉኝ ነው። ቆሜ ሲገባ አየሁት።

"አሁን ሞተ" አለ አስተርጓሚው። ለእኔ ይበል ለባንዳዎቹ አላወቅሁም። በቅሎውን አዞረ። ደግ ሰው ነው? ክፉ ነው? ፊቱ ላይ ፈልጌ ምንም አጣሁ።

ታኅሣሥ 8

ዘለልኩት።

ታኅሣሥ 15

የሷሊሕ በርበሬ አበባውን አራግፏል። የእኔ በቆሎ ግን ከቁመቴ አልፎ እሸት ይዟል። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ በቆሎ አብቅዬ አላውቅም። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ሲያደንቅልኝ መሬት ብትውጠኝ እወዳለሁ። ፋናዬ እሸቱን እየሸለቀቀች ለሩቂያ ልጆች ትወስዳለች። እኔ ልቀምሰው አልቻልኩም።

ተክሌ ደግሞ ሌላ ወሬ አመጣ። ከሩቂያ ቤት በላይ ካለው ቁጥቋጦ ውስጥ ሁለት ባንዳዎች ተኝተዋል። ሦስተኛ ቀናቸው ነው። እንግዲህ አላመኑም ማለት ነው። ወይም ግማሹን አምነው ግማሹን ይጠብቃሉ። ሷሊሕ ልጆቹን ሊያይ ሲወርድ ሊይዙት ነው። መውረዱ ደግሞ አይቀርም። ትንሿ ጣይባ ስታስነጥስ እንኳ ሥራ ጥሎ የሚሮጥ አባት ነው። እንዳይመጣ በማን ልላክበት? ማንን አምኜ?

ታኅሣሥ 21

ጨው ነጋዴው አሊዪ ከማጀቴ በኩል መጣ። ሷሊሕ ሞቷል ማለታችንን አያውቅም፤ አላፊ ነው። ሷሊሕን መንገድ ላይ አግኝቶታል። ደህና ነው ሲለኝ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

መልእክት ግን አለብኝ አለ። ለመናገር ሲያፍር አየሁት። ሷሊሕ በዚህ ሳምንት ልጆቹን ሊያይ ለመውረድ ተነስቶ ነበር። ከአፋፉ ሲደርስ ማሳውን አየ። ከዚያ ላይ ሁሉም ነገር ይታያል። የእሱ ደርቋል፣ የእኔ ለምልሟል።

"አደራ በላ በለው አለኝ። እሱ ባለበት ቀዬ እግሬ አይረግጥም፣ ወላሂ ብሎ ማለ። ከዚያው ተመለሰ።"

ነገ ስለሚመለስ ምን ልበልልህ አለኝ። አድሮ እነግርሃለሁ አልኩት።

አደራ በላ… እኔ። ፊደሉ አልስተካከል አለኝ። ተመለሰ ግን አለኝ። ከዚያው ተመለሰ።

ታኅሣሥ 22

ማልጄ ለሩቂያ ነገርኳት። እውነቱን እንላክበት ብላ ብድግ አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ቁጥቋጦውን ነው የምታየው። አሊዪ በካምፑ በር ነው የሚያልፈው፤ ጭነቱን ያስፈቱታል፣ ካላማራቸው ይገርፉታል። የማያውቀውን አያወጣም። ደግሞስ ሷሊሕ እውነቱን ቢሰማ ይታረቀኛል። ከታረቀኝ ይወርዳል።

ሩቂያ ተመልሳ ተቀመጠች። "ይበድለን፤ ብቻ አይምጣ" አለች። ሷሊሕን ማለቷ ነው። እኔ እንዳላያት ግን ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አሊዪ ግመሉን ሲጭን ደረስኩ።

"ምን ልበለው?"

"በልቷል በለው።"

ሌላ ምንም የለህም አለኝ። የለኝም ብዬ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ሄጄ ተመለስኩ። በቆሎው እንዴት እንዳማረ ጨምረህ ንገረው አልኩት። አሊዪ የግመሉን ገመድ እየጎተተ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ ሄደ።

አፈርኩ። በሕይወቴ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ልሮጥና ልመልሰው ስንቴ ተነሳሁ… አደራ ጠበቅሁ ነው የሚባለው ይሄ? እንዲህ ያለ ጥበቃ ማን አስተማረኝ?

ጥር 2

አርባው ሞልቶ ሰዉ ከግድቡ ራስ ተሰበሰበ። ሩቂያ ወራሽ ሆና ቆመች። ጭቃውንና እሾሁን አነሳሁ። ስም መጥራት የእኔ ሥራ ነው። "የሩቂያ ተራ" አልኩ። ድምፄ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ማንም አልሳቀም። ውሃው ገባ። በርበሬው አይመለስም፤ ገልብጣ በቆሎ ልትዘራ ነው፤ ዘር ከእኔ ወሰደች። አስተርጓሚው ሩቅ ቆሞ አይቶ ሄደ። ባንዳዎቹ ግን ከቁጥቋጦው አልተነሱም።

ከሰዓት አሊዪ በዚህ አለፈ። ሊሰወርብኝ ነበር፤ እኔ መንገዱ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

"ነገርከው?"

"ነገርኩት።"

"አሁንም ይሰድበኛል?"

"ስምህ በተነሳ ቁጥር ይተፋል። አገሩን እንዳላይ አድርጎኛል ይላል።"

"ተመስገን" አልኩ።

አሊዪ ግራ ገብቶት አየኝ። እኔም ግራ ገብቶኛል።