እንገሩን አልደፋሁትም

ጎንደር፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ ለወይዘሮ ሐረገወይን
መካነ ብርሃን

እናትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ስልኩ እንደተቋረጠ ስለቀረ ይህን በአያ ክንዱ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት፣ ልጁ በሕይወት አለ። ወሩ ሳይደርስ ስለተወለደ ሆስፒታሉ ማሞቂያ ክፍል አስገብቶታል። መጥባት አቅቶት የሚመገበው በአፍንጫው በገባ ቀጭን ቱቦ ነው።

የላክሽው ቅቤ ደርሶኛል። ግን ልጁን አላላስኩትም። እንዳይከፋሽ ምክንያቱን ልንገርሽ።

በወለድኩ ማግስት ጡቴን ስጨምቀው ጠብ ያለው ትንሽ ቢጫ እንገር ነው። የባለቤቴ እህት ዓይናዲስ "ይሄማ የቆየ ነው፤ ድፊውና ነጩን ጠብቂ" አለችኝ። ልደፋው ስል ነርሷ ሲስተር ምሥራቅ እጄን ያዘችኝ።

"ባይጠባም አፉን ቀቢለት" አለችኝ። "አሁን አፉ ውስጥ ጀርም መስፈር እየጀመረ ነው። የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ይመጣል። እንገሩ የሚጠቅመውን ያግዛል፣ የሚጎዳውን ይከላከላል። ያድነዋል ብዬ አልምልልሽም፤ ግን ከዚህ የተሻለ የምትሰጪው የለም። ቅቤ ግን አፉን እንዳታስነኪው፤ የሚጎዳውን ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል።"

እጄን ታጥቤ ጉንጩን በውስጥ በኩል በጥጥ ቀባሁለት። ዝም አለ። በሌላውም ቀን ዝም አለ። ከዚያ ትንፋሹ ቆረጥ ቆረጥ እያለ አስጨነቀን፤ ዓይናዲስ ወጥታ ታለቅስ ነበር። እኔ መቀባቱን አልተውኩም፤ ሌላ የማደርግለት አልነበረኝም።

ትናንት ጥጡን ሳስጠጋለት ምላሱን አውጥቶ ላሰው። "እሰይ፣ ቀመሰው እኮ" አለች ዓይናዲስ። ዛሬ ደግሞ ጡቴን ይዞ ጥቂት ሳበ። ወዲያው ደክሞት ቢተኛም፣ ሲስተር ሸጋ ነው ብላኛለች።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሲስተር ስለ መጀመሪያዋ ልጄ ጠየቀችኝ። ሳምንት ሳይሞላት በተቅማጥ እንደሞተች ነገርኳት። "ቅቤ ልሳ ነበር?" አለችኝ። "አላስታውስም" ብዬ አለፍኳት። በምን እንደሞተች አሁን ማንም ሊያውቅ እንደማይችል ራሷ ነግራኛለች። አንቺም እሷን ያላስሻት እኛን ሁላችንን ያላስሽንን ነው፤ እኛም አድገናል። እንቅልፍሽን እያጣሽ ይህን እንዳታስቢ።

መንገዱ ሲከፈት ነይ። እስካሁን ከእኔና ከሲስተር በቀር ያቀፈው የለም። ዓይናዲስ ልቀፈው ብትለኝ "መጀመሪያ እናቴ ትምጣ" ብያታለሁ።

እመቤታችን ጉልበትሽን ታጽናልኝ፤ በሰላም ታገናኘን።

ልጅሽ የትነበርሽ