አሥራ ሦስተኛውን ወር ያስጨመሩት ወይዘሮ ጽጌረዳ መሸሻ

ወይዘሮ ጽጌረዳ ከአባታቸው ከአቶ መሸሻ ጉልላትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርሃኔ ስብሐት በ1937 ዓ.ም. በጉለሌ፣ ቁስቋም ተወለዱ። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው የጽሕፈት መኪና ሠለጠኑ። በ1960 ዓ.ም. ከአቶ ግዛቸው ወልዱ ጋር በተክሊል ተጋብተው ስለሺንና ዓለምፀሐይን ወለዱ።

አቶ ግዛቸው በ1970 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ከቤት እንደ ወጡ አልተመለሱም። ወይዘሮ ጽጌረዳ አልጠየቁም፤ እኛ ጎረቤቶቻቸውም አልጠየቅንም። ከዚያ ወዲህ መኪና በራቸው ላይ በቆመ ቁጥር ልጆቻቸውን ይዘው ጓሮ ይገቡ ነበር። ፈሪ ነበሩ፤ ይህን ሸሽገን ብንቀብራቸው ይታዘቡናል።

በጳውሎስ አካባቢ በአንድ የሕፃናት መርጃ ድርጅት ጸሐፊ ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወላጅ ያሳጣቸው ልጆች ሲመጡ ወንድምን ከእህት ለማገናኘት ፋይል ሲገለበጥ ይዋል ነበር። በዓመቱ ኮምፒውተር በእርዳታ ተገኘ። ወይዘሮ ጽጌረዳ ተማሩት፤ የተለያዩትንም በአባት ስም ያገናኙበት ጀመር። ለተመዘገበው ልጅ ሁሉ የሚሰፈረው የዱቄት ድርሻም በእሱ ይታዘዝ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. በጳጉሜን የገቡትን ልጆች ግን ማሽኑ ዘለላቸው። ባሕር ማዶ የተሠራ ነውና ከአሥራ ሁለት ወር በላይ አያውቅም። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ቱሉ ለመጣው ልጅ ሁሉ ሰፍረው ሰጡ። ተቆጣጣሪዎች ሲመጡ ዱቄት ጎደለ ተባለና አቶ ቱሉ በአሻጥር ተጠርጥረው ታሰሩ። አሻጥር የሚባለው ቃል ምን እንደሚያስከትል ለዚህ ጉባኤ አይነገርም።

ነገሩ የገባቸው መዝጋቢዋ ወይዘሮ ጽጌረዳ ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ ስለሺንና ዓለምፀሐይን ለእናታቸው አደራ ሰጥተው፣ የጳጉሜንን ልጆች አስከትለው አቶ ቱሉ ወደታሰሩበት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዱ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ዱቄቱ አልተሰረቀም፤ የበሉት እነዚህ ናቸው። ማሽኑ ጳጉሜንን አያውቅም። የመዘገብኩት እኔ ነኝ» አሉ።

ሊቀመንበሩ ልጆቹን መቼ እንደመጡ ጠየቋቸው፤ ሁሉም የእንቁጣጣሽ ሰሞን አሉ። አቶ ቱሉ ተፈቱ፤ ዛሬ አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ናቸው። ወይዘሮ ጽጌረዳም ባለሙያ አስጠርተው አሥራ ሦስተኛውን ወር አስጨመሩ፤ ከዚያ ወዲያ የተዘለለ ልጅ የለም። መኪና ሲቆም ጓሮ መግባታቸውን ግን አልተዉም።

በልብ ሕመም በጳውሎስ ሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው በተወለዱ በ44 ዓመታቸው አረፉ። እናታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል። ስለሺና ዓለምፀሐይ ለአባታቸው ተዝካር የሚያወጡበትን ቀን አያውቁም። የእናታቸውን ግን ያውቃሉ፤ ጳጉሜን 3 ቀን 1981 ዓ.ም.።

ማንንም የማይዘነጋ አምላክ የሁለቱንም ነፍስ ይማር።