እማዬ እጅ ያልነሳችለት ደብዳቤ

ይድረስ ለወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆችህስ? ሰፈርህ አሊያንቴ እንዴት ነው፣ ሙቀቱ እንደኛ ሰፈር ነው? እኛ እዚያው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ማውንተንስ ኤጅ አለን። በአንድ ከተማ እየኖርን ደብዳቤ መጻፌ አይግረምህ፤ ብደውል አታነሳም፣ ብመጣ ሺፍት ላይ ነህ። ወረቀት ግን ፖስታ ሳጥንህ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

እማዬ ስትሮክ ከመታት ወዲህ አንደበቷም እጆቿም እንደተያዙ ታውቃለህ። የቀራት ዓይኗና አንገቷ ነው። ኢንሹራንሱ የመጻፊያ መሣሪያ እስኪፈቅድላት ስንት ዓመት ልጠብቅ ብዬ ራሴ ሠራሁላት። ካዚኖ የቁማር ማሽን ስጠግን ለምውል ሰው ይሄ አያቅትም።

አሮጌ የኮምፒውተር ካሜራ ፈታሁ። ሌንሱ ሥር ያለችውን፣ ኢንፍራሬድ የሚሉትን ዓይን የማያየው ብርሃን የምትከለክል ቀጭን መስታወት ነቅዬ በምትኳ ጥቁር የፊልም ቁራጭ አደረግሁበት፤ ያኔ ካሜራው ተራውን ብርሃን ትቶ ኢንፍራሬዱን ብቻ ያያል። ፊልሙን ከየት እንዳገኘሁት ልንገርህ? እማዬ በሻንጣዋ ይዛው ከመጣችው ከምረቃህ ፎቶ ነጋቲቭ ጫፍ ቆርጬ ነው። አየህ፣ አንተም ለአንድ ነገር ጠቀምክ። ከዚያ ሦስት ትንንሽ የኢንፍራሬድ አምፖሎች በሽቦ በይጄ ኮፍያዋ ላይ ገጠምኩ። አንገቷን ስታዞር ካሜራው አምፖሎቹን ይከተላል፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስትም አብራ ትሄዳለች። አንድ ፊደል ላይ ትንሽ ከቆየች ፊደሉ ይጻፋል። በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ካሜራውን እያደናገረ ቀስቷን ሲያስዘልላት ብርድ ልብስ ሰቀልኩበት።

አንድ ነገር ብቻ አልስተካከል አለኝ። ጎረቤታችን እትዬ ፋናዬ ገብተው እንደምን ዋልሽ ሲሏት እማዬ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ትነሳለች፤ ቀስቷም ከስክሪኑ ታች ትወድቃለች። ከአገር ቤት የመጣ መልእክት ሳነብላትም እንደዚያው ናት። ኮፍያውን ለብሰሽ እጅ አትንሺ ብላት ገላመጠችኝ። ለእኔማ ነስታ አታውቅም፤ ለቤት ሰው ማን እጅ ይነሳል?

የመጀመሪያ ቀን ምን የጻፈች ይመስልሃል? ውሃ አላለችም፣ ያመኛል አላለችም፣ እኔንም አልጠራችኝም። ሦስት ዓመት ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት እኔ ነኝ! የአንተን ስም ጻፈች፤ ቀጥላም «ደህና ነው?» አለች። የቅርብ ጸበል ልጥ ይነከርበታል የሚባለው ለካ ለእኔ ነው። ተናደድኩ፤ አለቀስኩም።

የጻፈችውን በስልክህ ላክሁልህ። ዝም አልክ። ደግማ ጻፈች፣ ላክሁ፤ ዝም። በሦስተኛው በአንተ ስም ራሴ መለስኩላት። «እማዬ፣ እንደምን ነሽ? ኦቨርታይም በዝቶብኝ ነው የጠፋሁት። ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ?» ብዬ ጻፍኩና ስክሪኑ ላይ ከፈትኩላት። አነበበች። ቀስቷ ግን ንቅንቅ አላለችም። አምፖል ተቃጥሎ ነው ብዬ ኮፍያውን አውልቄ የበየድኩትን ሁሉ ፈተሽኩ፤ ደህና ነው። እስካሁን በአንተ ስም አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። በአሥራ አንዱም ቀስቷ አልወረደችም፤ እኔም ሞኟ ሽቦ ስፈትሽ ከረምኩ።

ትናንት አሥራ ሁለተኛውን ልከፍትላት ስል ቀድማኝ መጻፍ ጀመረች። ግማሽ ሰዓት ፈጀባት። «በወንድምሽ ስም መጻፉን ተዪው፤ ትደክሚያለሽ። እሱ ስለ ጉልበቴ ጠይቆኝ አያውቅም» ይላል።

አንብቤ ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ለእኔ፣ ለገዛ ልጇ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች። ቀስቷም ከስክሪኑ ታች ወደቀች።

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው፤ ስታረጅም ጉልበትህን ተሻለህ ወይ የሚልህ ልጅ አያሳጣህ። ይህኛውን በራሴ ስም ጽፌዋለሁ።

እህትህ