መኪናው ወደ ሆስፒታሉ ሲሄድ

ሐምሌ ፱ ቀን

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴን ካልቈጠርነው። ያለፈው ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንድ ገጽ እንኳ ሳትሞላ ስለ ብርዱ ብቻ ጽፈህ ፈረምክ። ስለ ብርዱማ ሬዲዮኑም ይነግረኛል።

ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገባ። ወንዙ ገና አልሞላም፤ ግን ደፍርሷል። የሰፈሩ ሰው ወደ ገበያ ሲወርድም ሲመለስም ድልድዩ ላይ ቆሞ ሳያየው አያልፍም።

ባለፈው ሳምንት ለከተማው ኀላፊዎች የአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ሥልጠና ተሰጠ። ከየሰፈሩ አንድ ነዋሪ ይምጣ ተባለና ከታችኛው ሰፈር እኔን ላኩኝ። ስለተከበርኩ ሳይሆን ሰው ፊት መናገር ስለማልፈራ ነው። አዳራሹ ከድሮ ቢሮህ አጠገብ ያለው ነው። ጣሪያው ዛሬም ያፈስሳል፤ አደጋ ሊከላከሉ የተሰበሰቡት ሰዎች ባልዲ ከብበው ተቀመጡ።

አሠልጣኟ ከሌላ ከተማ የመጣች ወጣት ናት። የጀመረችውን ዐረፍተ ነገር ሳትጨርስ ወደ ሌላ አትዘልም፤ ወደድኳት። ጠረጴዛው ላይ የከተማውን ካርታ ዘረጋች። ለወንዙ ሰማያዊ ገመድ፣ ለመኪና የውኃ ጠርሙስ ክዳን አስቀመጠች። አንድ ክዳን ብቻ።

«ሌላ የለም?» አለ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሓፊ። ከሌላ ቦታ ተዛውሮ የመጣ ነው፤ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ጡሩምባ ይሉታል።

«የለም። ያን ቀንም የነበረው አንድ ነው» አለችው።

ከዚያ ያን ቀን ተረከችው። ስም አልጠራችም። አንድ ኀላፊ ነበር፤ ውኃው ሞልቶ ሲመጣ በእጁ የነበረው አንድ የጭነት መኪና ነው። በአንድ በኩል ከአልጋ የማይነሡ በሽተኞች የሞሉበት ሆስፒታል፣ በሌላ በኩል እግሯ የማይሄድላት እኅቱ ብቻዋን ያለችበት ቤት። መኪናውን ወደ ሆስፒታሉ ላከ። እኅቱ ጋ ተመልሶ ሳይደርስ ውኃው ቀደመው። የእኅትየዋ እናት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ወንበር ላይ መቀመጧን አሠልጣኟ አላወቀችም።

«ይሄ ሰውዬ እናት የለውም እንዴ?» አለ ጡሩምባ። «ማታ ምን ብሎ ቤቱ ይገባል? እኔ ብሆን እኅቴን ነበር የማወጣው!»

አንዳንዱ ሳቀ። የሚያውቁን መሬት መሬት አዩ። አጠገቡ የተቀመጠው የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር በክርኑ ጐሸመው።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ጡሩምባ። ርዕሰ መምህሩ በጆሮው ነገረው።

አሠልጣኟም፣ «መኪናውን ወደ ሆስፒታሉ የምትልኩ እጃችሁን አንሡ» አለች። ሁሉም አነሡ፤ ጡሩምባም አነሣ። እኔ አላነሣሁም።

ልጄ፣ የሠራኸው ልክ ነው። ከዚያ ሆስፒታል የወጡት ሰዎች ዛሬ መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል፤ የልጆቻቸውን ሠርግ ይነግሩኛል። እጄን ላነሣው አስቤ ነበር፤ ግን ጭኔ ላይ ቀረ። በቀብሯ ዕለት «ትወቅሺኛለሽ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «አልወቅስህም» አልኩህ። አንተ ግን የሰማኸው አፌን ሳይሆን ዐይኔን ነው፤ በሳምንቱ ሻንጣህን ያዝክ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ለሥራ ነው የሄደው እላለሁ።

ከምሳ በኋላ ዕቅድ ማውጣት ጀመሩ። በአዲሱ አሠራር፣ መሮጥ ለማይችል ሰው ሁሉ መጥቶ የሚያወጣው አንድ ሰው ከወዲሁ ይመደብለታል፤ የመንግሥት መኪና አይጠበቅም። አሠልጣኟ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ነግረዋት ኖሮ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«እማማ፣ ውኃው ቢመጣ እርስዎን ማን ያወጣዎታል?»

«ልጄ።»

«የት ነው ያለው?»

«ሩቅ ነው።»

«እንግዲያ አይደርስልዎትም። ከጎረቤት እናድርግ፤ ይሄ እኮ ቀልድ አይደለም።»

«እኔም አልቀለድኩም» አልኳት።

ጡሩምባ ከኋላዋ መጥቶ ቆሟል። «እኔ አወጣዎታለሁ እማማ፤ በአንድ እጄ ነው የማነሣዎት» አለኝ። ሊያስቀኝ ነው፤ ዐይኑ ግን ቀልቶ ነበር። አመሰገንኩት እንጂ እሺ አላልኩትም። አሠልጣኟ በመዝገቧ ላይ የእኔን ቦታ ባዶ ትታ ወደሚቀጥለው ሰው ሄደች።

ይቅር እስክልህ እየጠበቅህ ከሆነ፣ ቀኑን እኔም አላውቀውም። ዕድሜዬም እስከዚያ ላያደርሰኝ ይችላል። ስለዚህ አትጠብቅ፤ እንደ ተቀየምኩህ ና። አብረን ቁጭ ብለን እቀየምሃለሁ።

ፈጣሪ ጤናህን ይስጥህ፤ መንገድህንም ያቅናልህ።

እናትህ